ክንድ መለኪያው ቀይ ከማሳየቱ በፊት ገንዘቡ ለእናቲቱ ይድረስ

ይድረስ፦ በአማራ ክልል የአደጋ መከላከልን፣ የጤናን፣ የሴቶችና ሕፃናትን እንዲሁም የገንዘብን ሥራ ለምትመሩ መሥሪያ ቤቶች፤ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዕርዳታ ለምታቀርቡ ድርጅቶች

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በባሕር ዳር በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ሳክም የኖርሁ ነርስ ነኝ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በግጭቱ ተፈናቅለው በከተማችንና በሐይቁ ዳርቻ የተጠለሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ከቀያቸው ሳይነቃነቁ ገቢያቸው የደረቀባቸውም አሉ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ያለች ነፍሰ ጡር ሁሉ፣ ልጇ ሁለት ዓመት ያልሞላው እናትም ሁሉ፣ በየወሩ በገዛ እጇ የምትቀበለው ጥሬ ገንዘብ ይቆረጥላት። ልጁ ከከሳ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይከሳ። ግጭቱን ማን ጀመረው፣ ማን ይጨርሰው የሚለው የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ሕክምናው ቅሬታ የለኝም። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ በመለኪያው ሲጠመጠም ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ ቢጫው ላይ ያርፋል። ቀዩ ላይ ያረፈው የምግብ ፍላጎቱ ካልተዘጋና ሌላ ሕመም ካልተደረበበት ፕላምፒ ነት የተባለውን በከረጢት የታሸገ ከለውዝ የተሠራ ምግብ እየወሰደ እቤቱ ይታከማል። እግሩ ያበጠው፣ አልበላም ያለው ወይም ትኩሳትና ተቅማጥ የያዘው ደግሞ ይተኛል፤ መጀመሪያ ኤፍ 75፣ ጠንከር ሲል ኤፍ 100 የተባሉትን ወተቶች ይጠጣል። 92 ግራም የምትመዝነው አንዲት የፕላምፒ ነት ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ይዛለች፤ ልጁ ሲበላት በሳምንታት ውስጥ ጉንጩ ሲሞላ ይታያል። ይህ ሕክምና ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ እስከ ጤና ኬላ መውረዱ አገራችን ከሠራቻቸው መልካም ሥራዎች አንዱ ነው፤ አሁንም አንዲት ካርቶን እንኳ እንዳትቀነስበት እለምናለሁ።

ልጁ ይድናል። ድኖ የሚመለሰው ግን ወደዚያው ወዳከሳው ቤት ነው። አባት የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ እጁን ይገባል፤ እናት ለታላላቆቹ የሚበቃ ነገር ስታጣ ከረጢቷን ለሦስት ታካፍላለች። ማካፈሏን እናውቃለን። ትምህርት ስንሰጥ «ይህ መድኃኒት ነው፣ ለታመመው ብቻ» እንላታለን፤ ራሷን ነቅንቃ ትሄዳለች። እናት ናትና ሌላው ልጇ ዓይን ዓይኗን እያየ ለአንዱ ብቻ አታጎርስም። ከዚያ የተሻለው ልጅ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ያኔ ያልታመመው ታናሹ በተራው ታሞ ይመጣል። በየስብሰባው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንባባላለን፤ በጀቱ ግን የሚለቀቀው ለተቃጠለው ነው።

ለተፈናቃይ ቤተሰብ ምንም አይሰጥም ማለቴ አይደለም። በአገራችን የተለመደው የድንገተኛ ዕርዳታ ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው፤ ሲደርስ። ይህ ቀለብ ብዙ ሰው ከሞት አትርፏል። ነገር ግን ስንዴው ከመጋዘን ወጥቶ ሕፃኑ አፍ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ልብ በሉልኝ። ከማከፋፈያው እስከ መጠለያው የጋሪ ወይም የባጃጅ ይከፈላል። ወፍጮ ቤት ይከፈላል። ማገዶ ይገዛል፤ እንጨት የሚለቀምበት ዱር ለተፈናቃይ ሴት ዛሬ የማይደፈር ቦታ ነው። ሳሙና፣ ጨው፣ የልጅ መድኃኒት፣ የቤት ኪራይ አለ። ለዚህ ሁሉ ስንዴው ራሱ መከፈል አለበት፤ ስለዚህ ገና በር ላይ ለነጋዴ ይሸጣል። ሻጯ ገንዘቡን ዛሬውኑ እንደምትፈልገው ነጋዴው ስለሚያውቅ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ከባሕር ማዶ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር በከባድ መኪና የመጣ እህል በመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ላይ እርካሽ ሆኖ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣል። እናቲቱ የምትፈልገውን በድርጊት ነግራናለች፤ እኛ ግን «ዕርዳታ ስትሸጥ ተገኘች» ብለን መዝገብ ላይ እናሰፍራታለን።

የሚገዛ ነገር ቢጠፋ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ባሕር ዳር ገበያ ውጡ። የፎገራ ሩዝ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም አለ፣ ጎመን አለ፣ ዳጉሳና በቆሎ አለ፣ ባቄላና ሽንብራ አለ፣ እንቁላል በጭድ ታጭቆ ተቀምጧል። ሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ ይሸጣል። መንገድ በሚዘጋባቸው ሰሞናት ዋጋ ይሰቀላል፤ ዕቃ ግን ከናካቴው የጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጠፋው የእናቲቱ ገንዘብ ነው። ግጭቱ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ እዚህ ያደረሰውን አስቡ፦ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ጎብኚ ያመላልሱ የነበሩ ጀልባዎች ታስረው ከርመዋል፤ የግንባታ ሥራ ተቀዛቅዞ የቀን ሠራተኛው አደባባይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ ባጃጅ ነጂው በሰዓት እላፊ ገቢው ተቆርጧል፤ ገበሬው ማዳበሪያ በወቅቱ አላገኘም፣ ያመረተውንም በፈለገው ቀን ገበያ አያወጣም። አጥንቱ ላይ ቆዳው የተጣበቀ ልጅ ሙሉ ገበያ ካለበት ሰፈር ይመጣልኛል። በሕክምና መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ መድኃኒቱ ግን ያልተሰወረ በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካርታው ልናገር። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የተሣለው በድርቅ ካርታ ላይ ነው። ዓመት በዓመት ለወራት የሚበላ የሚያጡ ወረዳዎች ተለዩ፤ በክልላችን ብዙዎቹ በምሥራቅ በኩል ያሉት ናቸው፤ ትክክልም ነበር። እንደ ሜጫና ባሕር ዳር ዙሪያ ያሉት «ትርፍ አምራች» ተብለው ከመዝገቡ ውጭ ሆኑ። ግጭት ግን ዝናብ አይጠይቅም። ዛሬ በእነዚህ ወረዳዎች ገቢዋ የተቋረጠባት አጥቢ እናት ወደ ቀበሌ ሄዳ «ሴፍቲኔት ልመዝገብ» ብትል የምትመዘገብበት ደብተር የለም። ትርፍ አምራች መባልም ቢሆን ልጆቻችንን ከመቀንጨር፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከማጠር፣ አላዳናቸውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ነው፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። በ2011 ዓ.ም. የክልላችን ቁጥር ወደ 41 ወረደ። መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም በስሙ የክልላችንን ከተማ ይዟል። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የተለኩት ግን ከዚህ ሁሉ ግጭት በፊት ነው።

በዚያው በ2008 ጥናት አንድ ሌላ ቁጥር አለ፤ ብዙ አይጠቀስም፣ እኔን ግን ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያሳስበኛል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በምግቡ ዓይነትም በመመገቢያው ብዛትም ለዕድሜያቸው የሚያስፈልገውን ትንሹን መጠን የሚያሟላ አመጋገብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ሰላም በነበረበት አካባቢም፣ ጥጋብ በነበረበት ቤትም ጭምር ማለት ነው። ይህም «ገንዘብ ብቻውን ይበቃል» የሚለውን ሰው እንድጠራጠር ያደርገኛል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ገንዘብ ልጅን ከመክሳት ይጠብቃል ወይ ለሚለው በየአገሩ ተሞክሯል። በኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። በከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና ላይ ካሉ ሕፃናት ቤተሰቦች ከፊሎቹ ከሕክምናውና ከምክሩ በተጨማሪ በየወሩ 40 ዶላር ለስድስት ወር ተሰጣቸው። ገንዘቡን ካገኙት ቤተሰቦች የመጡት ልጆች ይበልጥ ዳኑ፣ ከዳኑ በኋላም ተመልሰው የወደቁት እጅግ ያነሱ ነበሩ። እኔ በየወሩ የማየውን ምልልስ የሰበረ ነገር ማለት ይህ ነው። በየመን ደግሞ ጦርነቱ እየተካሄደ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች እናቶች ከሥነ ምግብ ትምህርት ጋር ገንዘብ ተሰጠ፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከድሆች ሁሉ ድሃ በሆኑት ቤቶች ልጆች ላይ ነው። «ሰላም ሲሆን እናየዋለን» ለሚል ሰው የየመን መልስ ይበቃዋል።

የሚያስመካው ብቻ ተጠቅሶ ሌላው እንዲደበቅ አልፈልግም። በሶማሊያ፣ በሞቃዲሾ አካባቢ በተፈናቃዮች መጠለያ የተሞከረው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ የልጆቹን አመጋገብ አሻሽሎ ሳለ የከሱትን ልጆች ቁጥር አልቀነሰም። ኒጀር ውስጥ ክፍያውን ቀደም አድርጎ ማስጀመርም ያሰቡትን አላመጣም። እኔ ይህን ሳነብ አልደነቀኝም። የተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ከሌለ፣ ኩፍኝ ያልተከተበ ልጅ ከበዛ፣ ዛሬ የበላውን እንቁላል ነገ ተቅማጥ ይወስደዋል። ገንዘብ ክትባትንና ውኃን አይተካም። በባንግላዴሽ የተደረገ ጥናትም ሌላ ነገር ያስተምራል፤ እዚያ ገንዘብ ብቻ የተሰጣቸው እናቶች ልጆች ላይ መቀንጨር አልቀነሰም፤ ገንዘቡ ከተከታታይ የአመጋገብ ትምህርት ጋር በተሰጠበት ቦታ ግን ወደ 7 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ወረደ።

ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በእኛው አገር ምሳሌ ልናገር። ሁዳዴ ሲገባ የእንቁላልና የወተት ዋጋ ቀለል ይላል። ለሕፃን ማለፊያ ጊዜ መሆን ነበረበት፤ አይደለም። ሕፃን ጾም እንደማይጠበቅበት ካህናቱ ያስተምራሉ፣ እናቶችም ያውቃሉ። እናቲቱን የሚያስቸግራት ድስቱ ነው፤ የቤተሰቡ የጾም ዕቃ ከፍስክ እንዳይነካካ ስትል ሁለት ወር ሙሉ ልጇን በሽሮና በእንጀራ ታሳልፈዋለች። ይህን ችግር ስብከት አይፈታውም። ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ትፈታዋለች፤ ድስቷን ለመግዛት ገንዘብ፣ መግዛት እንደሚቻል ለመንገር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታስፈልጋለች። ከሁለት አንዱ ከጎደለ አይሆንም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ ለዓመት ከመንፈቅ ልጅ ግን አጥንቱ በደንብ የተለቀመለት ቆሮሶ ምን እንደሚያደርግ ሐኪም ይጠየቅ።)

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ፤ ብዙ ፕሮግራም የሚሞተው እዚህ ነው። በፓኪስታን፣ በሲንድ ግዛት በተደረገ ጥናት ከፊሉ ቤተሰብ በወር 1,500፣ ከፊሉ እጥፉን 3,000 ሩፒ ለስድስት ወር አገኘ። በስድስተኛው ወር መቀጨጭ፣ ማለትም የልጆቹ መክሳት፣ የቀነሰው እጥፍ በተሰጣቸው ቤቶች ነው። እፍኝ የማይሞላ ገንዘብ ሰጥቶ «ሞከርነው፣ አልሠራም» ማለት እንዳይመጣ ከወዲሁ እናገራለሁ። በእኛ አገር ብር የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይቱም የመድኃኒቱም ዋጋ የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ዓመት ሳይነካ የሚቀመጥ ክፍያ በስድስተኛው ወር ግማሽ ክፍያ ይሆናል።

ስለዚህ መጠኑ ከዶላር ተመንዝሮ ወይም ከሌላ ክልል ተገልብጦ አይምጣ። በየሦስት ወሩ ሰው ወደ ገበያ ይላክ፤ ለአጥቢ እናትና ለአንድ ሕፃን የሚያስፈልገው ሽሮና ክክ፣ ሁለት ሦስት እንቁላል በሳምንት ሳይሆን በቀን አንድ፣ ወተት፣ ጎመንና ካሮት፣ ዘይት፣ ዓሣ ባለበት ዓሣ፣ ከዚያ የወፍጮና የማገዶ ወጪ ተደምሮ ስንት እንደሚመጣ ይጻፍ፤ ክፍያው ከእሱ ጋር ይውጣ፣ ይውረድ። ሆድ የሚሞላና ልጅ የሚያሳድግ ምግብ ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍሎ የሁለተኛውን ውጤት መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

ገንዘቡ በክንድ መለኪያው ላይ እንዳይታሰር አደራ እላለሁ። «ልጇ የከሳባት ትመዝገብ፣ ሲድን ትሰረዝ» የሚል መመሪያ ከወጣ የልጁ መዳን ቅጣት ይሆናል። በችግር የተያዘች እናት በቀዩና በአረንጓዴው መካከል እንድትመርጥ ማድረግ ነውር ነው። መለኪያው ለሕክምና ይሁን፤ የገንዘቡ መታወቂያ የእርግዝና ክትትል ካርድና የልጁ የልደት ቀን ይሁኑ። ከሕክምና የወጣ ልጅ ካለ ደግሞ ሲድን ገንዘቡ መቆም ሳይሆን መቀጠል አለበት፤ የኮንጎው ጥናት የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ነፍሰ ጡርን ከጉልበት ሥራ አውጥቶ ወደ ቀጥታ ድጋፍ የሚያዛውርበት አሠራር አለውና ሥርዓቱ ከባዶ የሚፈጠር አይደለም። የጎደለው እኛን የሚጨምር ካርታ ነው።

ትምህርቱን የግዴታ ቅድመ ሁኔታ አታድርጉት። መንገድ በተዘጋ ሳምንት «ስብሰባ ላይ አልተገኘችም» ተብላ ከዝርዝር የወጣች እናት ግጭቱ ሁለት ጊዜ ቀጣት ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ወደ እሷ ይሂዱ። እነሱም ደመወዛቸው በሰዓቱ ይድረሳቸው፤ ለስብሰባ የሚመጣ እንግዳ አበል ዘግይቶ አያውቅም፣ በእግሯ የምትኳትነዋ ግን ሁልጊዜ ትጠብቃለች።

አከፋፈሉ ላይ አንድ መንገድ ብቻ አትያዙ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር አቅልሏል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም *127# በመደወል ይሠራል። ኔትወርኩ ራሱ ሲቋረጥ ግን አይሠራም፤ በገጠር ወረዳዎቻችን ይህ ብርቅ አይደለም። በብዙ ቤት ደግሞ ስልኩ የባል ነው፤ ወይም ሲሸሹ ጠፍቷል፤ መታወቂያም አብሮ ጠፍቷል። በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በስልክ ክፈሉ። በቀድሞው አብቁተ፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ ቅርንጫፍ አካባቢ ላለች እናት በስሟ ደብተር ይከፈትላት፤ ተቋሙ የሴፍቲኔት ክፍያ ሲያደርስ የኖረ ነው። ሁለቱም በማይደርሱበት የደሴትና የዳርቻ ቀበሌ በጥሬው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቀኑ ከሩቅ ሳይታወጅ ይከፈል። መታወቂያ ለሌላት ጤና ጣቢያው የሚሰጣት የክትትል ካርድ ይበቃታል ተብሎ ይጻፍ። ገበያ በተዘጋበትና መደርደሪያ ባዶ በሆነበት ቦታ ደግሞ ገንዘብ ዋጋ ከማናር በቀር ጥቅም የለውም፤ እዚያ እህሉን፣ ዘይቱንና ለልጆች የሚሆነውን የተመጣጠነ ዱቄት ላኩ። የትኛው ቀበሌ የትኛው እንደሆነ በየወሩ የሚለይ ሰው ይመደብ እንጂ «ወይ ሁሉም ገንዘብ ወይ ሁሉም እህል» አይባል።

የተረጂዎች ስም ዝርዝርን በሚመለከት ከተለመደው የተለየ ነገር እጠይቃለሁ። ለግልጽነት ሲባል ስም በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ በሰላም ጊዜ ጥሩ ነው። ዛሬ ግን በየወሩ ገንዘብ የሚገባላቸው ሴቶች ስም ዝርዝር ለዘራፊ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው፤ ለማንኛውም ታጣቂም እንዲሁ። ሰሌዳው ላይ መስፈርቱ፣ የወሩ የክፍያ መጠን፣ የተከፋዮች ብዛትና የአቤቱታ ስልክ ይለጠፉ። ስሙ ጤና ጣቢያ ይቆለፍበት። ምልመላውን ከቀበሌ ሹም ጋር አዋላጅ ነርሷ፣ የዕድር ሰብሳቢና ከተፈናቃዮች የተመረጡ ሴቶች አብረው ይሥሩት።

«ገንዘቡን ይጠጡበታል» የሚለውን ክርክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ሰው ራሱ ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ነው። ገንዘቡ በእናት እጅ ይግባ የምለው ለዚህም ጭምር ነው። «ይሰረቃል» ለሚለው፣ እህልም ይሰረቃል። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ ያቆሙት ለተረጂ የተላከ እህል ገበያ ላይ በመገኘቱ ነበር፤ ለወራት ዋጋውን የከፈሉት ሰርቀው የማያውቁ እናቶችና ልጆች ናቸው። በጆንያም በስልክም የሚሰርቅ ይሰርቃል፤ በስልክ ሲሆን ግን ዱካው ይቀራል።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ለሚለው ጥያቄ አክብሮት አለኝ። ጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ካገደች በኋላ ስንት ፕሮጀክት እንደታጠፈ፣ ስንት ባልደረባዬ ከሥራ እንደተሰናበተ አይቻለሁ። የሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ መሸፈን አይቻል ይሆናል። ከሆነ ከሁለት ዓይነት ቤቶች ይጀመር፦ ከከፋ የምግብ እጥረት ሕክምና የወጣ ልጅ ካለበት፣ እና ነፍሰ ጡር ወይም ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ካላት የተፈናቃይ ቤት። ሁለቱም በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ አሉ፤ ለመቁጠር አዲስ ጥናትና አዲስ አማካሪ አያስፈልግም። ገበያው ሙሉ በሆነባቸው ቀበሌዎች ለእህል ማጓጓዣ፣ ለመጋዘንና ለጫኝና አውራጅ የሚወጣው ተሰልቶ ወደ ገንዘቡ ይዙር። የፕላምፒ ነት በጀት ግን አይነካ፤ ከታመመው ቀምቶ ላልታመመው መስጠት ሌላ ጥፋት ነው።

ጊዜውን በሚመለከት፣ በእኛ አካባቢ ጎተራ የሚራቆተው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ያኔ ወባም ይበረታል፣ ተቅማጥም ይበረታል፣ መንገዱም ይጨቀያል፤ ክፍላችን አልጋ የሚጠበው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ከግንቦት ካላለፈ ይጠቅማል፤ በነሐሴ ቢጀመር ልጆቹን የምናገኛቸው ቀዩ ላይ ነው። ስለዚህ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ሦስት ነገር በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ፦ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ወረዳዎች የትኞቹ ቀበሌዎች ለጥሬ ገንዘብ፣ የትኞቹ ለእህል እንደተለዩ፤ የወሩ ክፍያ ስንት ብር እንደሆነና በምን የገበያ ዋጋ እንደተሰላ፤ አቤት የምንልበት ስልክ ቁጥር። አይቻልም ከሆነም «አይቻልም» የሚለው ከነምክንያቱ ተጽፎ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ፤ እናቶቹ ሲጠይቁኝ የማነበው ወረቀት ይኑረኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሕፃናት ነርሶች አንዷ
ባሕር ዳር